የሎቪና ሃችን ስም የመለሱት የወይዘሪት ቨርና ትሬድዌይ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሪት ቨርና ትሬድዌይ ከአባታቸው ከአቶ ክላይድ ትሬድዌይና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሄስተር ኖልት በመጋቢት ወር 1921 በአዮዋ፣ ማርሎው ክሪክ በተባለች የገበሬ መንደር ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በመንደሩ ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ገቡ፤ በኋላም እዚያው መምህርት ሆኑ። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ወደ ከተማው ተዛውረው በጠቅላላው አርባ ዓመት አስተማሩ። ትዳር አልመሠረቱም። ምክንያቱን የጠየቃቸውን ሁሉ "የቤት ሥራ አርማለሁ፤ ጊዜ የለኝም" ይሉት ነበር። እኔ የወንድማቸው የድዋይት ልጅ ነኝ፤ እኔንም አስተምረውኛል፤ አንድም ቀን አላዳሉልኝም።

በ1961 የቤተሰቡን የዘር ሐረግ መጻፍ ጀመሩ። የአያታቸውን የኦሪንን እናት ሲፈልጉ ከቤተሰቡ ሐውልት ላይ "የአሞስ ትሬድዌይ ሚስት፣ 1866" የሚል አገኙ። የቤተ ክርስቲያኑ የቀብር መዝገብ ግን "ወይዘሮ አሞስ ትሬድዌይ፣ 1889፣ በሰሜኑ አጥር ሥር" ይላል። በዚያ ዘመን ሴት የምትጻፈው በባሏ ስም ነበር። አክስቴ ድንጋዩን አመኑና፣ መዝገቡን የጻፈው ሰው ተሳስቷል ብለው 1889ን ከደብተራቸው በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙት። ያንን ቀይ እስክሪብቶ እዚህ የተሰበሰበ ሁሉ ያውቀዋል።

ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ምሳ ላይ አባቴ የአያታቸውን ወሬ አነሣ። በ1874 አንበጣ ሲወርድ የኦሪን እናት ባቄላዋን ለማዳን የአልጋ ልብሷን ሁሉ አልብሳው ነበር አለ። አክስቴ የድንች ሰላጣ ማንኪያቸውን እንደያዙ ብድግ አሉ።

"ድዋይት! ከሞተች ስምንት ዓመት የሆናት ሴት ናት ባቄላ የምታለብሰው?"

"እኔ ምን አውቄ እትዬ! አያታችን ያሉትን ነው ያልኩት።"

ለካ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አክስቴ በዚያው ሳምንት የጎረቤት አውራጃውን የጋብቻ መዝገብ ገልጠው አሞስ በ1867 ሎቪና ሃች የተባለች ሴት ማግባቱን አገኙ። ኦሪንን ከሦስት ዓመቱ ጀምራ ያሳደገችው እሷ ነበረች። አክስቴ ያን ዕለት ስቅስቅ ብለው አለቀሱ፤ "ስሟን የሰረዝኩት እኔው ነኝ" አሉ። አባቴ ሊያጽናናቸው "ተይው እትዬ፣ ደማችን እኮ አይደለችም" ቢላቸው ባሰባቸው። "እሷ ባታበላው ኖሮ አንተ ከየት ትመጣ ነበር? ዝም በል!" ብለው ተቆጡት። ከዚያም በሰሜኑ አጥር ሥር፣ መሬቱ ጎድጎድ ካለበት ቦታ፣ መቃብሯን ለይተው አገኙ።

አክስቴ ከ2006 ጀምሮ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሐኪም ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 9 ቀን 2008 በተወለዱ በ87 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ወንድማቸውን፣ ሦስት የወንድም ልጆችንና ቁጥራቸውን እንኳን እኛ እሳቸውም የማያውቁትን ተማሪዎች ትተዋል።

በቤተሰቡ ሐውልት ላይ የቀረው ቦታ የአንድ ሰው ስም ብቻ የሚይዝ ነበር፤ ለእሳቸው የተተወ ነው። ሕመማቸው እንደታወቀ ድንጋይ ጠራቢ አስጠርተው "ሎቪና ሃች፣ የኦሪን እናት" ብለው አስቀረጹበት። አባቴ "ያንቺስ የት ሊገባ ነው?" ብሎ ቢጮህ "እኔንማ ሁላችሁም ታውቁኛላችሁ" አሉት። ስለዚህ ዛሬ ከመቃብሩ ስንደርስ ስማቸውን ድንጋዩ ላይ አትፈልጉት፤ የለም።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በስማቸው ጠርቶ ይቀበልልን።