የማይሸተኝ ወጥ

ሐሙስ

ምስሩ አረረ። አጠገቡ ቆሜ አላወቅኩም! አስተናጋጇ መሲ ከውጭ ሮጣ ገብታ «አንቺ፣ ቤቱን ልታቃጥይው ነው እንዴ?» ስትለኝ ነው ያየሁት። ጭሱ ፊቴ ላይ ነበር፣ ሽታው ግን የለም። ምንም!

ሁዳዴ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምጾም ወጥ አልቀምስም፣ አሽትቼ ነው ጨው ማነሱን የማውቀው። አሁን በምን ልወቅ? የምግብ ቤቱ ባለቤት እትዬ አበበች «ደግመሽ ካሳረርሽ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አሉኝ። ሌላ ስራ የለኝም እኮ።

ዓርብ

ስናፈጥ ጥቁር ወጣ፣ ደም ደሞ አለበት። መሃረቡን ቶሎ ደበቅኩት። ለባቡሩ ብለው በራችንን ከቆፈሩት ወዲህ ነው እንዲህ የሆንኩት። ሰፈራችን መሪ አቧራ ብቻ ሆኗል፣ ገልባጭ መኪና ባለፈ ቁጥር ድስቴ ላይ ይረግፋል። ካንሰር ቢሆንስ? ማታ በአፌ ነው የምተነፍሰው።

ሽሮውን በግምት ጨው አደረግኩበት። ምሳ ሊበሉ የገቡት ቆፋሪዎች «ዛሬ ጨውም ጾመ እንዴ?» እያሉ ሳቁብኝ።

ቅዳሜ

ቅዳሜ ጠዋት መብላት ስለሚቻል ወጡን ቀመስኩት። ጭቃ ጭቃ አለኝ። ምላሴም ሄደ ማለት ነው! ፈራሁ፣ ከስራ ስወጣ ጤና ጣቢያ ሮጥኩ።

ሲስተሯ አፍንጫዬን በባትሪ አየችው። «አብጧል፣ ቆስሏል። አቧራውና የመኪናው ጭስ ነው፣ የምድጃሽ ጭስም አለበት። ምን ጨምረሽበታል?» ነጭ ሽንኩርት ወትፌበት ነበር። «እሱ ነው ደግሞ ያባሰብሽ!» ብላ ተቆጣችኝ። ጣዕሙም የጠፋው በአፍንጫዬ የተነሳ ነው አለች። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ጨው በጥብጬ አፍንጫዬን እንዳጥብ፣ ፊቴን እንድሸፍን፣ ካልተሻለኝ እንድመለስ ነገረችኝ።

«ሲስተር፣ አልሞትም አይደል?»

«አትሞቺም። ከአቧራው ራቂ እንጂ።»

የት ልራቅ? እንጀራዬ እዛው ነው።

እሁድ

እንጦጦ አክስቴ ጋ ወጣሁ። ዳገቱ ትንፋሼን ጨረሰው፣ ቁጭ ብድግ እያልኩ ደረስኩ። ጫካው ውስጥ ባህር ዛፉ ሸተተኝ! በጣም ትንሽ፣ ግን ሸተተኝ። ቆሜ አለቀስኩ። ስለዚህ አፍንጫዬ አልሞተም። በቃ፣ ነገ ለእትዬ እነግራቸዋለሁ።

ሰኞ

ስወርድ አፍንጫዬ እንደገና ተዘጋ። አጠብኩት፣ ፊቴን በሻሽ ሸፈንኩ፣ ምድጃውን ሳልጠይቅ ወደ ጓሮ አወጣሁት። ከዛ ለእትዬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

መሲ ናት ጣልቃ የገባችው። «እኔ ጴንጤ አይደለሁ? አልጾም። እኔ እቀምስላታለሁ።»

«እስከዛሬ የት ነበርሽ ታዲያ?» አሏት።

«ማን ጠየቀኝ?»

እትዬ ሳቃቸው መጣ፣ ዋጡት። «እስከ ፋሲካ ሞክሩት። ከዛ እናያለን።»

መሲ በማንኪያ ቀመሰች። «ጨው!» አለች። ጨመርኩ። «አሁንም!» ጨመርኩ። ሶስተኛው ላይ «በቃ!» ብላ ድስቱን ብድግ አድርጋ ወጣች። ሰሃኖቹ ተጠርገው ተመለሱ።

አፍንጫዬ አሁንም ድፍን ነው። ውሃውን አፍልቼ ከድኜዋለሁ፣ ጠዋት ተነስቼ አፍንጫዬን አጥብበታለሁ።