ኩርባው ወደ ግራ ነው

ሚዛን ተፈሪ፣ ኅዳር 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣
ማሻ

እኔ አልወደቅሁም። ዳሌዬ አልተሰበረም፤ አልጋ ላይም አልዋልሁም። ከሰላምታ በፊት ሌላ ነገር ማስቀደም ነውር መሆኑን አንቺም እኔም የተማርነው በአንድ አለንጋ ነው። ነገር ግን ከማሻ ቡና ጭኖ የመጣው አቶ ሳህሉ፣ «ታላቅ እህትዎ፣ እርስዎ ከብስክሌት ወድቀው ተሰባበሩ የሚል ወሬ ደርሷቸው ጥቁር ሊለብሱ ምንም አልቀራቸውም» ቢለኝ ሥርዓቱን ለአንድ ቀን ተውሁት። የብስክሌት ውድድር ገባች የተባለው እውነት ነው። ወደቀች የተባለው ሐሰት ነው። የወደቀችው ሌላ ናት፤ ወደ እርሷ እመጣለሁ።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበዪኝ። እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽ ዳገቱን እሺ ይላል ወይ? ልጆቹስ? የማሻ ዝናብ ዘንድሮ ኅዳርንም አልማረም ሲሉ ሰማሁ፤ ቤቱ እንዳያፈስብሽ አሳስቦኛል። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ቃሉ ልክ አልመጣልኝም። አጥንቴ ደህና ነው።

ይህን የምታነብልሽ ምራትሽ በየነች ናት። በየነች፣ ልጄ፣ ያለፈውን ደብዳቤዬን «ደህና ነኝ ብለዋል፣ ሰላም ብለዋል» ብለሽ በአንድ ትንፋሽ እንደ ጨረስሽው ሰምቻለሁ። ይህኛውን ከላይ እስከ ታች አንብቢላት። የሚከብድሽ ቦታ ስትደርሺ ውኃ ጠጪና ቀጥዪ እንጂ አትዝለዪ። እኔም ልዘለው የነበረ ቦታ ነው።

እህትዓለም፣ ፈርቻለሁ። እናታችንን የወሰዳት ጨለማ፣ አንቺንም ግድግዳ እየዳበስሽ እንድትሄጂ ያደረገሽ ጨለማ፣ እኔም ቤት የገባ ይመስለኛል።

ከክረምቱ ጀምሮ በግራ በኩል ነገሮች ይጠፉብኛል። የጓዳዬን በር መቃን በግራ ትከሻዬ ገጨሁት፤ መቃኑ በእርጥበት አብጧል አልሁ። ሻይ ከብርጭቆው ጎን ቀዳሁ፤ ጠረጴዛው አዘንብሏል አልሁ። ጎረቤቴ ሳባ በግራዬ መጥታ «እትዬ፣ ደህና አደሩ» ስትለኝ ከመሬት የበቀለች ያህል ደነገጥሁ፤ ይህች ልጅ ኮቴ የላትም አልሁ። ለእያንዳንዱ ምክንያት አገኘሁለት። አንቺም ያን ጊዜ የምትወቅሺው ፋኖሱን ነበር። ብርጭቆው ጠቁሯል እያልሽ ደጋግመሽ ታስወለውዪን ነበር፤ እኛም እንወለውል ነበር።

ጅማ ይዤሽ የሄድሁ ጊዜ ሐኪሙ ያለኝን አልረሳሁትም። «ይህ በዘር የሚሄድ ነው። የጠፋው አይመለስም፤ ቀድሞ ለመጣ ሰው ግን የቀረውን ማትረፍ ይቻላል። እርስዎም ይመርመሩ» አለኝ። «ሌላ ጊዜ» አልሁት። ያ ሌላ ጊዜ እስከ ዛሬ አልደረሰም። ለአንቺ የነገርሁሽ መድኃኒቱን ብቻ ነው፤ ይህን ግን አልነገርሁሽም።

ወደ ውድድሩ ልምጣ። አስፋልት ከገባ ወዲህ ከተማው የስፖርት ሳምንት ሲያከብር ብስክሌትም ጨምሯል። አገር አቋርጦ የሚሄድ አይደለም፤ በመሐል ከተማ ያንኑ አንድ መንገድ ደጋግሞ መዞር ነው። ከአደባባዩ ተነሥቶ ቁልቁል፣ በቡናው መጋዘን ታጥፎ፣ ዳገቱን ወጥቶ እንደገና አደባባይ። ለሴቶች ስምንት ዙር ተባለ።

ሳባ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት፤ እኔው ነኝ ያስተማርኋት። ያሸነፈች ሴት ለክልሉ ውድድር ሐዋሳ ትሄዳለች። ይህን ብላ ዓመቱን ሙሉ ማለዳ ማለዳ ወደ አማን ከተማ በሚወስደው መንገድ ስትመላለስ አያለሁ። ምዝገባው ሊዘጋ ሲል ግን የተመዘገቡት ሦስት ሆኑ፤ ደንቡ ደግሞ ከአራት በታች ከሆኑ ውድድሩ አይካሄድም ይላል። እያለቀሰች መጣች። «አንድ ሰው ይጥፋ እትዬ? በዚህ ሁሉ አገር ፔዳል የምትመታ አንዲት ሴት ትጥፋ?» አለችኝ። ብስክሌት አሥመራ መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ እንደ ተማርሁ፣ ጡረታ እስክወጣም ትምህርት ቤት የምሄደው በእርሱ እንደ ነበረ ታውቃለች። መጠየቅ አፍራ ነው። ደንቡን አምጪው አልኋት። መነጽሬን አድርጌ አነበብሁት። ስለ ዕድሜ የሚለው «ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ» ብቻ ነው። «ይህን የሚጠራጠረኝ አለ?» አልኋት። ከእንባዋ ጋር ሳቀች።

ስለ ሳባ ብዬ ገባሁ ብል ግን ግማሹን መናገር ነው። ግማሹ ለራሴ ነበር። ብስክሌት ከነዳሁ ዓይኔ ደህና ነው ብዬ ነበር።

መንገዱን ከሳባ ጋር ተለማመድሁት። ኩርባዎቹ ሁሉ ወደ ቀኝ የሚታጠፉ ነበሩ። ደህና አድርጌ ነዳሁ፤ አንድ ጊዜም አልተደናገርሁም። ቤቴ ገብቼ ለብቻዬ ዘመርሁ። ያን መዝሙሬን አሁን ሳስበው እፈራለሁ።

በውድድሩ ቀን መነሻው መስመር ላይ ቆመን ሳለ የስፖርት ጽሕፈት ቤቱ አቶ ጥበቡ መጣ። «የቡና መኪኖች መውጫ እንዳይዘጋ ዙሩ ተገልብጧል» አለ። «በገበያው በኩል እንወርዳለን፤ ኩርባው ሁሉ ወደ ግራ ነው።»

ፍሬኑን ጨብጬ ቆጠርሁ። አልችልም ብል ሦስት ይቀራሉ፤ ሦስት ከቀሩ ውድድሩ የለም። ሳባ በቀኜ ቆማ ጎማዋን ትነካካለች፤ እርሷን ጥርት አድርጌ አያታለሁ። በግራዬ ሰሎሜ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለች፤ እርሷን የማያት ዞሬ ስፈልጋት ብቻ ነው። ከእርሷ ማዶ የሱቅ ነጋዴዋ ዘይቱና ናት። እርሷ መኖሯን ያወቅሁት በሳቋ ነው። ከመስመሩ አልወጣሁም።

በድምፅ ማጉያው የሚናገረው ልጅ፣ «ቁጥር አራት! እናንተ ሳትወለዱ ፔዳል የመቱ ናቸው፤ ተጠንቀቁ!» አለ። ከሕዝቡ መሐል አንዱ፣ «ማዘር፣ ቤተ ክርስቲያኑ በዚያኛው በኩል ነው!» ብሎ ጮኸ። ሌላው፣ «ዝም በል አንተ፣ ማባዛት ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው» አለው። «ታዲያ ለምን አልቻልህም?» ብሎ የፊተኛው መለሰለት። አደባባዩ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ ፊቴን ያየ ሰው ፍርሃቴን አያገኘውም ነበር።

ፊሽካው ሲነፋ ሦስቱ ከፊቴ ጠፉ። ብቻዬን ቁልቁል ወረድሁ። ነፋሱ እንባዬን ያወርደዋል፤ ጆሮዬ ውስጥ ጫጫታ ብቻ አለ። የመጀመሪያው ኩርባ ሲደርስ የሚታየኝ የቀኙ የመንገድ ጠርዝ ነው፤ የምታጠፈው ግን ወደማይታየኝ በኩል ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ እጄን ሳልዘረጋ የምራመድ መሰለኝ። አንገቴን እንደ ዶሮ እያዞርሁ፣ ፍሬኑን እየነካሁ አለፍሁት። ቀጣዩንም። ሦስተኛው ዙር ላይ ከንፈሬን መንከሴን የተረዳሁት ደሙን ስቀምሰው ነው።

ከፊት የሄደ ዞሮ መጥቶ ከኋላ ሲያልፍሽ «ደረበሽ» ይሉታል። እኔ መደረብ የማውቀው ለጋቢ ነበር። ሳባ በግራዬ ደረበችኝ፤ ድንገት ጀርባዋ ፊቴ ላይ ተፈጠረ። ከየት እንደ መጣች አላየሁም። ጮኼ ነበር መሰለኝ፤ ከዳር የቆሙት ሳቁ። የተደረበ ሰው ቀኙን ይዞ መሄድ አለበት፤ ደንቡ ነው፤ ያዝሁ።

ቀጥሎ የመጋዘኑ ኩርባ መጣ። በቀኙ ጠርዝ ከመኪኖች የረገፈ የቡና ገለባ ተነጥፎ ነበር። ርጥብ ገለባ ያንሸራትታል። ትንሽ ወደ ግራ ጠጋ ልል አሰብሁ። እህትዓለም፣ እኔ ሳላይ የምዞር ሰው አይደለሁም። ከኋላዬ የጎማ ድምፅ ሰማሁ፤ አንዲት ሴት «በግራዎ!» ስትልም ሰማሁ። አንገቴን ወደ ግራ መልሼ አየሁ። አስፋልቱን አየሁ፤ የመጋዘኑን የቆርቆሮ አጥር አየሁ። ሰው የለም። መንገዱ ባዶ ነበር። ባዶ ነበር እልሻለሁ።

ጠጋ አልሁ።

ክርኔን የሰው ክርን ነካው። ከዚያ ብረት አስፋልት ሲፍቅ ሰማሁ፤ ከብረቱም በላይ የሚያስፈራ ሌላ ድምፅ ሰማሁ፤ የሰው ጩኸት ነው። ፍሬን ይዤ ወረድሁ። ሰሎሜ መንገዱ ላይ ተኝታ ነበር። አንድ እጇ ከሥሯ ገብቷል፤ የትከሻዋ አጥንት ተሰብሯል። ሰው ተሰበሰበ። አቶ ጥበቡ ሮጦ መጣና መሬቱን በጫማው ፈቅፍቆ፣ «ገለባው ነው! ይጠረግ ብዬ አልነበረም?» እያለ ሠራተኞቹን ተቆጣ። ሁሉም ገለባው ነው አሉ። ገለባው ግን በቀኝ ነበር፤ እርሷ የወደቀችው በግራ ነው። ይህን ያስተዋለ አልነበረም። እኔ አስተዋልሁ፤ አፌን ግን አልከፈትሁም።

ሳባ አሸነፈች። ሐዋሳ ትሄዳለች። በዚህ ደስ ብሎኛል፤ ደስታዬን ግን ሙሉ አድርጌ ልይዘው አልቻልሁም።

በማግስቱ ሰሎሜን ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኋት። ክንዷ ታስሮ ተቀምጣለች። ገና ስታየኝ፣ «ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «ቸኩዬ በጠባብ ገባሁ፤ አስደነገጥኩዎት። በግራዎ ብዬ ጮኼ ነበር፤ ጫጫታው አላሰማዎትም።» እጄን ይዛ እያጽናናችኝ ነበር እኮ! ሰምቼሻለሁ ልላት ነበር። ስለ ሰማሁሽም ነው ዞሬ ያየሁት፤ አንቺ ግን አልነበርሽም ልላት ነበር። ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ገበያ ስወጣ አጥሩን በግራዬ አድርጌ ነው የምሄደው፤ በዚያ በኩል ከአጥር በቀር ምንም እንዳይኖር። የትምህርት ቤት ልጆች ሲለቀቁ ቤቴ እቆያለሁ። ምናልባት አንዱ በግራዬ ይሮጥ ይሆናል። ሰዎች ፈሪ ሆኑ፣ ውድድሩ አስደነገጣቸው ይላሉ። ይበሉ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ መልሱን ለበየነች እያልሽ አስጽፊልኝ። አንቺ ዘንድ ሲጀምር ከየት በኩል ነበር? ከዳር ነው ወይስ ከመሐል? የመጀመሪያው ዓይን ከሄደ በኋላ ሁለተኛው ምን ያህል ቆየልሽ? ላጽናናት ብለሽ አታስረዝሚው። አንቺ ስትዋሺ ድምፅሽ እንደሚቀጥን ከልጅነታችን አውቃለሁ፤ በጽሑፍም አውቀዋለሁ።

በየነች፣ ከወረቀቱ ግራ ጠርዝ ላይ ቃል ተቆርጦ ካገኘሽ በግምት አትሙዪው። ተቆርጧል በይና ቀጥዪ።

እህትዓለም፣ እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ልጆችሽንና የልጅ ልጆችሽን በዙሪያሽ ያኑርልሽ። እጅሽ የሚዳብሰው ግድግዳ ሁሉ የሚወድሽ ሰው ቤት ይሁን።

ነገ ጠዋት ከሁሉ አስቀድሜ ፊቴን ታጥቤ ጸሎቴን አደርሳለሁ። ከዚያ ደጃፌ ላይ ቆሜ ቀኝ ዓይኔን በመዳፌ እሸፍንና የግቢዬን በር እፈልጋለሁ። ባገኘውም ባላገኘውም ሰሎሜ ዘንድ ሄጄ ገለባው እንዳልነበረ፣ ጩኸቷንም እንደ ሰማሁ እነግራታለሁ። ከእርሷ ዘንድ መናኸሪያ ወርጄ የጅማ ቲኬት እቆርጣለሁ። ወንበሩ በቀኝ በኩል ይሁንልኝ፣ መስኮቱ ዳር፣ እላቸዋለሁ።

ታናሽ እህትሽ