ጨርቅ የለበሰው ሽቦ

ሐሙስ፣ ግንቦት 10

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ቀኙ በፋሻ ተጠቅልሏል። ፊደሌ ዶሮ የጫረው መስሏል፤ ይምሰል፣ ከእኔ ሌላ አንባቢ የለውም።

ዩሱፍን ዛሬ ጠዋት ቀበሩት።

የትናንቱን ዛሬውኑ ልጻፈው። ካልጻፍኩት ነገ ለራሴ አሳምሬ ማውራት እጀምራለሁ፤ አውቀኛለሁ።

ጸሐይዋ ስትጠልቅ እንደ ሁልጊዜው የብረት አልጋዬን ወደ ግቢ አወጣሁ። በግንቦት ድሬዳዋ ቤት ውስጥ የሚተኛ የለም። መሬቱ እንዲበርድ ሦስት ባልዲ ውሃ ረጨሁ። ቬንትሌተሩን በርጩማ ላይ አስቀመጥኩ፤ ሽቦውን ከቤት በመስኮት አውጥቼ በአልጋው ሥር አሳለፍኩት። ከዚያ አልጋውን ወደ ግድግዳው ልጎትት ራስጌውን ጨበጥኩ።

ያዘኝ። ሌላ ቃል የለውም። እጄ የእኔ መሆኑ ቀረ። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ የለም።

ዩሱፍ ለመግሪብ ሶላት ቧንቧው ጋ እግሩን እየታጠበ ነበር። ጎረቤቴ ነው፤ አንድ ግቢ፣ ፊት ለፊት በር። ጋሪ ነጂ። «አሰሉ! ምን ሆንሽ?» ሲል ሰማሁት። በባዶ እግሩ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ ሮጦ መጣ። ወገቤን ይዞ ሲጎትተኝ እኔ መሬት ላይ ወደቅሁ፣ እሱ አልጋው ላይ ወደቀ። እኔን ለቀቀኝ፣ እሱን ያዘው።

በዳዴ ቤት ገብቼ ስፒናውን በግራ እጄ ነቀልኩት። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ለእኔ አንድ ክረምት ነው።

ግቢው በሰው ሞላ። ሚስቱ ሐሊማ «አሸዋ! አሸዋ ውስጥ ክተቱት፣ መሬቱ ኮረንቲውን ይምጠጠው!» ብላ ጮኸች። መብረቅ የመታውን በአገሯ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። ማንም አልተቃወመም። በገዛ ጋሪው ጭነው ደቻቱ አወረዱት፤ ወንዙ ደረቅ ነው፣ አሸዋው ገና የቀኑን ትኩሳት ይዟል። ቆፍረው እስከ አንገቱ ቀበሩት። ለእኔም እግሬን እስከ ጉልበት ከተቱልኝ። እኔም አምኜ ነበር። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ «አሁን ዓይኑን ይገልጣል» እል ነበር።

ሐኪም ቤት ሲደርስ አልቋል አሉ።

ዓርብ፣ ግንቦት 11

ፋሻ ተቀየረልኝ። መዳፌ ላይ የአልጋው ብረት መስመር ተቃጥሎ ቀርቷል። መቀስ ለመያዝ ወር ይፈጃል አለኝ ድሬሰሩ። የሦስት ሰው ቀሚስ ተቆርጦ ተቀምጧል። ይቀመጥ።

ሐሊማ ጋ ዋልኩ። ዒዳ ገብታለች፤ አራት ወር ከዐሥር ቀን ከቤት አትወጣም። ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተደርድረዋል፣ ቤቱ ምድጃ ሆኗል፣ ማራገቢያ አምጡ የሚል አልነበረም። እኔ ጥግ ተቀመጥኩ። እሷ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ወደ እኔ መጥታ የታሰረውን እጄን ጭኗ ላይ አደረገችው።

«አመመሽ እንዴ?» አለችኝ።

ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«አላህ ጽፎት ነው፣ አሰሉ። አንቺን አድን ብሎ ላከው» አለች። ሴቶቹ አሚን አሉ። እኔም አልኩ። አፌ ይድረቅ።

እንግዲህ ልጻፈው። ቬንትሌተሩን ባሌ ጌታቸው ነው ከጅቡቲ ያመጣልኝ፤ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነው፣ ከቤት ይልቅ ሐዲድ ላይ ያድራል። መብራት ከዚራ ላሉት ቪላዎች ድሮ ገብቷል፣ ለእኛ ሰፈር ግን ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ ገና እንደ ሙሽራ ነው የምናየው። ከሁለት ሳምንት በፊት የአልጋው እግር ሽቦው ላይ ቆሞ ጎማውን ቆረጠውና መዳቡ ታየ። ጌታቸው «የሽቦ ማሸጊያ ናስትሮ ገዝተሽ ጠቅልይበት» ብሎኝ ሄደ። ሱቅ መሄድ ታከተኝ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ቤቴ ጨርቅ በጨርቅ ነው። ከሰማያዊ ፖፕሊን ቁራጭ ወሰድኩ፣ በድርቡ ጠቀለልኩት፣ በደቃቅ ስፌት ዙሪያውን ሰፋሁት። ክሩን እንኳ ከጨርቁ ቀለም ጋር አመሳስያለሁ! ኮርቼበት ነበር።

ስፌት ብቻ የምታውቅ ሴት፣ የተሸፈነ ሁሉ የተጠገነ ይመስላታል።

ሐሊማ ይህን አታውቅም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 12

የዩሱፍ ፈረስ ከጠዋት ጀምሮ በሩ ላይ ቆሟል። በዚህ ሰዓት ነበር የሚጠመደው። ሣር ሰጠሁት፣ አሽትቶ ተወው።

ጋሽ ዘውዴ መጣ። የባቡር ጋራዥ የመብራት ሠራተኛ ነው፣ ሽማግሌ፣ ቁጥብ። ማንም አልላከውም፤ ሰምቶ መጣ። ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቶቹ እየዳሰሰ ሄደና እኔ የሰፋሁት ላይ ቆመ። ቆርጦ መዳፉ ላይ አስቀመጠው። የረጨሁት ውሃ ከአፈሩ ጋር ጨርቁ ላይ ደርቆ ነበር።

«ጨርቅ ሲደርቅ ያታልላል፤ ሲርስ እሱም ሽቦ ነው» አለ። ከዚያ መኪናዬን አየ። የስፌት መኪናዬን። «ማን ሰፋው ብዬ አልጠይቅሽም፣ እህቴ።»

ያስረዳኝን እዚህ ላስፍር፤ ለማንም እንዳይጠፋ፦

ኮረንቲ የያዘውን ሰው በእጅ አለመንካት። ወንድም ቢሆን፣ ልጅ ቢሆን።
መጀመሪያ ቆጣሪው ጋ ሮጦ ማጥፋት። ወይም ስፒናውን መንቀል።
ያ ካልሆነ ደረቅ ሳንቃ ላይ ቆሞ በደረቅ እንጨት ሽቦውን ከሰውየው ማራቅ። ብረት አይሆንም፣ እርጥብ እንጨትም አይሆንም።
ከተላቀቀ በኋላ ትንፋሹን ማየት። ከሌለው እዚያው አስተኝቶ፣ ራሱን ወደ ኋላ ቀና አድርጎ፣ አፍንጫውን ይዞ፣ በአፉ መንፋት። ሌላ ሰው ሐኪም ይጥራ።
ውሃ አለማፍሰስ። ወተት አለመጋት።
አሸዋ ውስጥ አለመቅበር።

የመጨረሻውን ሲል እስክሪብቶዬን አቆምኩ።

«ኮረንቲው ሰውየው ውስጥ አይቀመጥም። ሽቦው ሲነቀል አብሮ ሄዷል። አሸዋው ደረቱን ይጫነዋል፣ ትንፋሽ ይከለክለዋል፤ ሰዓቱንም ይበላል» አለኝ። ዩሱፍ አሸዋው ውስጥ ምን ያህል ቆየ ብሎ ጠየቀኝ። ግማሽ ሰዓት ይሆናል አልኩ። ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑ ላይ አደረገ።

ነገ በዐሥር ሰዓት እዚሁ ግቢ ሰፈሩን ሰብስቦ ሊያስተምር ነው። በየቤቱ እንደ እኔው ሽቦ ያለው ሰው ሞልቷል አለ። ልክ ነው፤ እኔው ራሴ ለሁለት ጎረቤት ሰፍቼላቸዋለሁ። ዛሬውኑ ሄጄ አስነቀልኳቸው።

ግን ሐሊማ ከበሯ መጋረጃ ጀርባ ሁሉንም ልትሰማ ነው። ጨርቁንም፣ አሸዋውንም። ከሰው አፍ።

ጌታቸው በማታው ባቡር ገባ። አቅፎኝ አለቀሰ፣ ከዚያ ነገርኩት። እንባውን ጠረገና፣ «አትንገሪያት። ሰውየው አይመለስ፣ ጎረቤት ብቻ ነው የምታጪው። ዝም አይነቅዝም» አለኝ።

ይነቅዛል። ገና በሦስተኛ ቀኑ እየሸተተኝ ነው።

እሑድ፣ ግንቦት 13

ነገርኳት።

ጠዋት፣ ሴቶቹ ሳይመጡ ሄድኩ። ቆሜ ነው የነገርኳት፤ መቀመጥ ድፍረት መስሎኝ። ሽቦው እንደተላጠ፣ ናስትሮ መግዛት እንደታከተኝ፣ በፖፕሊን እንደሰፋሁት፣ ውሃውንም እኔው እንደረጨሁ። «ባልሽን የገደለው የእኔ ስፌት ነው» አልኳት።

የምንጣፉን ጫፍ በእጇ አስተካከለች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ዩሱፍ አይቶት ነበር። የዚያን ሳምንት። መጥቶ፣ የአሰሉ ሽቦ የኢድ ልብስ ለበሰ አለኝ። ሳቅን። ሁለታችንም ሳቅን፣ አቦ።»

ይቅር አላለችኝም። ውጪም አላለችኝም። ልወጣ ስል ጠራችኝ።

«ያ ሽማግሌ ስለ አሸዋው ምን አለ?»

እዚህ ላይ ብዋሽ ማን ይፈርድብኝ ነበር? ልዋሽ አፌን ከፈትኩ። ዓይኗን አይቼ አቃተኝ።

«አይጠቅምም ይላል።»

«ጎዳው?»

«አላውቅም፣ ሐሊማ። እሱም አያውቅም። ቀድሞም አልቆ ሊሆን ይችላል። እኔም አሸዋው ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር፣ አምኜ።»

«ክተቱት ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። ስታለቅስ ድምፅ የላትም። አብሬያት አለቀስኩ፤ ወደ እኔ ግን አልተጠጋችም።

በዐሥር ሰዓት ግቢው ሞላ። ጋሽ ዘውዴ ስለ ጨርቁ ተናገረ፣ የማን እንደሆነ ግን አልተናገረም። እኔ ተነስቼ «የእኔ ነው» አልኩ። ጌታቸው መሬት መሬት አየ።

ከዚያ ጋሽ ዘውዴ አነፋፉን ላሳይ፣ አንድ ሰው ይተኛልኝ አለ። ማን ይተኛ? ሰው በሞተበት ግቢ፣ ሬሳ መስሎ? ሁሉም ወደ ኋላ አፈገፈገ። ጌታቸው ኮቱን አውልቆ ሰጠኝና መሬት ላይ ተጋደመ። ዝም አይነቅዝም ያለኝ ሰውዬ። በጣም ወደድኩት።

ጋሽ ዘውዴ ራሱን ቀና አደረገለት፣ አፍንጫውን ያዘ፣ አሳየ። ከሕዝቡ መሀል አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ያን ጊዜ ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅ መጣ። ሐሊማ ናት።

«ስንት ጊዜ ነው የሚነፋው?»

ጋሽ ዘውዴ ከተንበረከከበት ቀና ብሎ ወደ መጋረጃው አየ። «ቁጥር የለውም፣ እመቤቴ። እስኪመለስ፣ ወይ ሐኪም እስኪመጣ።»

ሰዉ ቀስ ብሎ ወጣ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 15

ትናንት አልጻፍኩም። ምንም አልሆነም፤ ሐሊማም አላናገረችኝም። ምግብ አደረስኩ፣ እህቷ ተቀበለችኝ።

ጌታቸው ወደ ጅቡቲ ተመለሰ። ቬንትሌተሩ ሳጥኑ ውስጥ ነው። ሁለት ሌሊት ቤት ውስጥ ነው የተኛነው፤ ላብ አጥቦኝ አደረ። ግቢው ላይ ከዚያ ቀን ወዲህ ውሃ የረጨ የለም። መሬቱ ዱቄት ሆኗል።

ዛሬ ጸሐይ ልትጠልቅ ስትል በሬ ላይ ተቀምጬ በግራ እጄ ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት እየታገልኩ ነበር። በስድስተኛው ገባልኝ። የሐሊማ መጋረጃ ተገለጠ።

«አሰሉ።»

ብድግ አልኩ።

«ውሃ እርጪ፣ አቦ። አቧራው ፈረሱን ጨረሰው።»

ባልዲውን አነሳሁ። ከዚያ አስቀመጥኩት። ግቢው ውስጥ አንድም ሽቦ የለም፤ ግን መጀመሪያ ቆጣሪው ጋ ሄጄ አጠፋሁ። የእኔም የእሷም ቤት ጨለመ። ጫማዬን አጥልቄ ተመለስኩና በግራ እጄ እየጨለፍኩ ረጨሁ፣ ከቧንቧው እስከ ጋጣው። አልጋው የነበረበት ቦታ ስደርስ እንደገና ጨለፍኩ፤ እሱንም ረጨሁት። ፈረሱ እርጥቡን አፈር አሸተተ።

እስክጨርስ ቆማ አየችኝ። ስጨርስም መጋረጃውን አልመለሰችውም።