ደራሲው ሞቷል ተብሎ ይመዝገብ

ግንቦት 19

ዛሬም ያው ነው። ለቤተ መጻሕፍታችን የተገዛው አዲሱ ሲስተም የደራሲ ስም በላቲን ፊደል ካልሆነ አልቀበልም፣ የቤተሰብ ስም ካልተሞላም አላልፍም ይላል። የቤተሰብ ስም! እኔ እስከዳር ነኝ፣ አባቴ ዳኛው፤ አበቃ። ከየት አምጥቼ ልሙላለት?

አዲስ አበባ ላለው የሲስተሙ ባለሙያ ደወልሁ። "እህቴ፣ የአባቱን ስም አስቀድሚና ኮማ አድርጊበት" አለኝ። አደረግሁ። በአንድ ቀን ደራሲዎቹ ሁሉ ተነሥተው አባቶቻቸው ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ። ወልደ ዮሐንስ የሚባለውንማ ሰውዬ ለሁለት ሰነጠቀው። ወልደ ወዲያ፣ ዮሐንስ ወዲህ...

ኃላፊያችን አቶ አምሐ ዘንድ ገባሁ። "አንባቢ መጽሐፍ ማግኘት አልቻለም እኮ!" "ሲስተሙ ነው እስከዳር።" "ሲስተሙን የገዛው ማነው?" ወረቀቱን ማገላበጥ ያዘ። ራሴን እያመመኝ ወደ ቤት።

ግንቦት 20

መብራት የለም። ተመስገን።

ግንቦት 26

አንዲት ሴት ከማክሰኝት መጣች። ሐረገወይን ሰጠኝ ትባላለች፤ እህል ነጋዴ ናት። የአባቷን መጽሐፍ ፈልጋ ነው። ሰጠኝ ደመቀ የግብርና ባለሙያ ነበሩ፤ ደጋውን በእግራቸው ዞረው ገበሬው የሚያውቃቸውን የገብስ ዓይነቶች በሙሉ የጻፉ ሰው። ኮምፒውተሩ ላይ በአማርኛ ጻፈች፤ የለም። በላቲን ሞከረች፤ የለም። ተቀብያት እኔም በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ስታገል ቆይቼ አገኘሁት። "ደመቀ፣ ሰጠኝ" ይላል።

"ምነው እቴ? ደመቀ እኮ አያቴ ነው። ሀሁ ሳይለይ ነው የሞተ። ደራሲ አደረጋችሁት?"

ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። እናቷ በሞተች በዓመቷ አባትየው መንነው ገዳም ገቡ። አሁን አባ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። በዚያ ስም ስለ ጸሎት የጻፉት ትንሽ መጽሐፍ እኛው መደርደሪያ ላይ አለ። አንድ ጊዜ ልጇን አዝላ ገዳሙ ድረስ ሄዳ ነበር። "አልወጣልኝም" አለች። እንዲሁ፣ ገበያ ውሎ እንደሚነገር ነገር። "ልጆቼ አያታችን ማነው ይሉኛል። ሁለቱን መጽሐፍ የጻፈው አንድ ሰው መሆኑ እናንተ ዘንድ እንኳ ይጻፍልኝ። ሌላ ምን አለኝ?"

እሺ አልኋት። እሺ ማለት ምን ችግር አለው... አድርጊው ሲሉኝ ነው እንጂ።

ሰኔ 3

ባለሙያውን በስልክ ስጨቀጭቀው ከርሜ ዛሬ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ሲስተሙ እኮ ለአማርኛ ፊደልም ቦታ አለው። ተዘግቶ ነው።" "ማን ዘጋው?" "እኛ። ማንም አልጠየቀንም።" ስልኩን ከግድግዳው ጋር ላላትመው ምን ቀረኝ! ሁለት ሳምንት ሙሉ የሰው አባት ስገለብጥ...

ተከፈተ። በራሳችን ፊደል ጻፍሁት፤ ሰጠኝ ደመቀ። ሳይገለበጥ፣ ያለ ኮማ። ከሥሩም አባ ገብረ ኢየሱስ የሚለውን አያያዝሁት። ሁለቱ መጻሕፍት ጎን ለጎን መጡ። ሐረገወይን ዘንድ ደወልሁ። "ሸጋ አደረግሽ፣ ሸጋ!" አለችና ልቅሶዋን ለቀቀችው። እኔም ደስ አለኝ። እዚህ ቤት ከተቀጠርሁ እንዲህ የተደሰትሁበትን ቀን አላስታውስም።

ሰኔ 11

ለኔ ደስታ መች ይበረክታል? አባ ገብረ ኢየሱስ ራሳቸው መጡ። ለዓይናቸው ሕክምና ከገዳም ወርደው አዘዞ አርፈዋል። አንድ የአብነት ተማሪ መጽሐፋቸውን ሲፈልግ የዓለም ስማቸውን አይቶ ኖሮ ነገራቸው። ይቀመጡ ብል አሻፈረኝ አሉ።

"ልጄ፣ ምነው ሙት ቀሰቀስሽ?"

"ምን አጠፋሁ አባቴ?"

"ሰጠኝ ሞቷል። እኔ ስመነኩስ ተገንዟል፣ ፍትሐት ተደርጎለታል። ከቆመ ሰው ጋር ምን አገናኘሽው?"

"የጠየቀችኝ ልጅዎ ናት።"

መቋሚያቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "ሰጠኝ ልጅ ነበረችው። እኔ ልጅ የለኝም። ለዪልኝ" ብለው ወጡ። በመስኮት ሚኒባስ ሲሳፈሩ አየኋቸው።

ተናደድሁ። በእሳቸው፣ በእሷ፣ በሲስተሙ፣ በሁሉም። ሥርዓቱ እውነት ነው፤ መነኩሴ ለዓለም ሙት ነው፤ ይህን የማያውቅ ጎንደሬ የለም። የሐረገወይን ልቅሶስ ታዲያ ውሸት ነው? አቶ አምሐን ጠየቅሁት። "ደራሲው ያለው ይሁን" አለኝ። የትኛው ደራሲ?

ሰኔ 12

ከሥራ ስወጣ በሚኒባስ አዘዞ ሄድሁ። ንዴቴ አልበረደም ነበር። "እንግዲያ ለመለየት ከሆነ ሰጠኝ የሞተበትን ይንገሩኝ፤ ሞቷል ብዬ ልመዝግበው!" አልኋቸው። ያፍራሉ ብዬ ነበር። ጭራሽ ደስ አላቸው!

"መዝግቢ። ሐምሌ ዐሥራ ሦስት ነው። ሐረገወይን የበኩር ልጇን በወለደች በሳምንቷ። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት፣ ገንፎውን እንኳ ሳልቀምስ..." አሉና አፋቸውን ያዙ። በዚህ ክረምት ሰባት ዓመቱ ነው።

ለሙት ሰው ጥሩ ያስታውሳሉ ልላቸው ነበር። ዋጥሁት።

ሰኔ 15

ለያየኋቸው። ሰጠኝ ደመቀ የሞተበት ዓመት ተጻፈለት። ቆሞ ሚኒባስ ሲሳፈር ያየሁትን ሰው ሞቷል ብዬ ጻፍሁ።

ከሌላ ሰው ከምትሰማ ብዬ ራሴ ደወልሁላት። ትጮኽብኛለች ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ አድርጌ ይዤ ነበር። አልጮኸችም።

"ሞቷል አለ? በአፉ?"

"በአፋቸው።"

"እንግዲያ ሙቴን ይስጠኛ! ቆሟል ብዬ አርባውን አላወጣሁ፣ ሙት ዓመቱን አላወጣሁ። የሰባት ዓመት ተዝካሩን አወጣለሁ። ለዚያ መነኩሴ ንገሪልኝ፤ የሰጠኝን ተዝካር መጥቶ ይባርክ።"

መጽሐፍ መዝጋቢ ነኝ ወይስ አማላጅ? ደመወዜ የሚከፈለኝ ለየትኛው ነው?

ሰኔ 22

ነገርኋቸው። "ጠላው እንዳይበዛ በያት" አሉኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ይመጣሉ? አይመጡም? ከዚህ ምን ይገባዋል የሰው ልጅ?

ሐምሌ 14

ከማክሰኝት አሁን ገባሁ። ጫማዬ ጭቃ ብቻ ነው። ትናንት ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ዋለ፤ ሐረገወይን ያስጣለችው ዳስ ከየማእዘኑ ያፈስ ነበር።

መጡ። ከካህናቱ መካከል ጥግ ይዘው ተቀመጡ። የሟች ተዝካር ላይ ሟች ቁጭ ብሏል፤ ዳሱ ሙሉ ሰው ያውቃል፤ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለ። እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ እንደ ጅል ዓይኔን ከወዲያ ወዲህ የማንከራትት።

የቤቱ የነፍስ አባት ቄስ ውዱ ለጸሎቱ ተነሡ። "የሟች የክርስትና ስም ማነው?" አሉ። ሐረገወይን ወደ ዘመዶቿ ዞረች። አታውቀውም። እናቷ ታውቅ ነበር፤ እሷም የለች። ዘመድ ዘመዱን አየ። ማንም አያውቅ። ቄስ ውዱም ወደ ጥግ አልዞሩም፤ መጽሐፋቸውን እንደገለጡ ጠበቁ። እሷ ፊቷ ሲቀላ አየሁ፤ በሰው ፊት፣ የአባቷን ስም አጥታ።

ያኔ ከጥግ አባ ገብረ ኢየሱስ አንገታቸውን እንዳቀረቀሩ ስሙን ተናገሩ። በቀስታ። አንድ ጊዜ ብቻ። ጸሎቱ በዚያ ስም ተደረገ።

ማዕድ ሲቀርብ ሐረገወይን ራሷ እጅ ልታስታጥብ ማስታጠቢያውን ይዛ ዞረች። እሳቸው ጋ ስትደርስ እጃቸውን ዘረጉ። አፈሰሰች። እሳቸውም አይሰበስቡ፣ እሷም አታቆም... ውሃው እስኪያልቅ። ከዚያ ጎንበስ ብላ እጃቸውን በነጠላዋ ጫፍ አደረቀችላቸው።

ተዝካር ላይ ተደስቼ አላውቅም። ትናንት ደስ ብሎኝ አለቀስሁ።

ሐምሌ 15

ሥራ ገባሁ። የሁለቱን ሰዎች መዝገብ ለያይቼው ተውሁት፤ እንደተለያየ ይቀመጣል። ሐረገወይንም ጠዋት ደውላ "እንዳትነኪው" አለችኝ።

አቶ አምሐ የተዝካሩን ወሬ ከየት እንደሰማው እንጃ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ተደግፎ "የክርስትና ስማቸውን ጨምሪያ! ሲስተሙ ይቀበላል" አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስተሙ የሚቀበለው ነገር ተገኘ!

"ማን ነበር ስሙ?" አለኝ።

ዝናብ ነበር፣ አልሰማሁም አልሁት።