የተረሳ ዕቃ የለም

ይድረስ ባሕር ማዶ ላለኸው ወንድሜ ለሹንጎ፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ ተሻለህ? ማሪሳ ደኅና ናት? ትንሹ ሬናቶ አሁንም ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል ወይስ ልብ ገዛ? አንተ በዚያ ሙቀት ሸሚዝህን እያራገብክ ይህን ስታነብ ይታየኛል። እኔ የምጽፍልህ እግሬን ጠረጴዛው ሥር ካለው ማሞቂያ ጋር አጣብቄ ነው። እኛ ሁላችንም ደኅና ነን፤ ምን ያህል ደኅና ብለህ ካልጠየቅኸኝ በቀር።

የአያታችን የእማማ ፉሚዬ አርባ ዘጠነኛ ቀን እንዴት ዋለ ብለህ ስትደውል እማዬ «ሁሉም በሰላም አለቀ» ብላሃለች። አልዋሸችም፤ አልቋል። እንዴት እንዳለቀ ግን እሷም አታውቅም፤ ምግቡን ይዛ ቀድማን ወደ ቤተ መቅደሱ ሄዳ ነበር። ባሏ አባባ ገንዞ ደግሞ «ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ!» ብለውኛል። ትንፍሽ እንዳትዪ አሉ እንጂ እንዳትጽፊ አላሉም።

ጣቢያችን እንደተውካት ናት። መሳፈሪያው መካከል ያቺ ነጭ መስመር አለች፤ ወዲህ የወንዙ ባቡር ድርጅት፣ ወዲያ የባሕሩ ባቡር ድርጅት። ሁለት የግድግዳ ሰዓት፣ ሁለት የትኬት መስኮት፣ ሁለት የጠፋ ዕቃ ክፍል፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። በረዶ ሲጥል አሁንም የየድርጅቱ ሠራተኛ እስከ መስመሯ ድረስ ብቻ ይጠርጋል። የጎረቤትን ድርሻ መንካት ሰነፍ ነህ ብሎ እንደ መስደብ ነውና፣ በሁለቱ ትሕትና መካከል የማንም ያልሆነ የበረዶ አጥር ይቀራል። እማማ ሰው ቆሞ ከሚበላባት ከዚያች የሶባ ኑድል ቤቷ በየማለዳው ወጥታ በአካፋዋ የምትንደው እሱን ነበር። «ሾርባው እስኪፈላ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?» ትል ነበር። ከሞተች ወዲህ አጥሩ ቆሟል፤ ሰው ሁሉ ሻንጣውን ከፍ አድርጎ ይሻገረዋል።

ባለፈው እሑድ መንገዱ በበረዶ ስለተዘጋ በባቡር ሄድን። አባባ የእማማን አመድ በነጭ ጨርቅ በተጠቀለለች ሣጥን ታቅፈዋል፤ እኔ ፎቶዋን ይዣለሁ። አግዳሚው ላይ እንደ ወትሮው አቶ ኦባታ ተቀምጠዋል። አባባ ለወንዙ፣ እሳቸው ለባሕሩ አርባ ዓመት ሠርተው ሁለቱም ጡረታ ወጥተዋል፤ ጠባቸው ግን አልወጣም። «ገንዞ፣ ሰዓታችሁ ዛሬም እንቅልፍ ላይ ነው» አሉ አቶ ኦባታ። «የእናንተው ነው የሚቸኩለው፤ ባለቤቱን መስሎ» አሉ አባባ። ከዚያ ሁለቱም ሣጥኗን አዩና አቶ ኦባታ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ባቡሩ ሲገባ የአባባ የባቡር ሠራተኝነት አመል ተነሣ። መቼም ታውቀዋለህ፤ ፍሪጅ ሲዘጉ እንኳ ጣታቸውን ቀስረው «በር፣ ተዘግቷል!» ካላሉ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ጣት ለመቀሰር ደግሞ እጅ ያስፈልጋል። ሣጥኗን አግዳሚው ላይ፣ ልክ መስመሯ በሥሩ በምታልፍበት መካከል ላይ አስቀመጡና እንደ ወታደር ቀጥ አሉ። «ምልክት፣ ትክክል! በር፣ ትክክል! የተረሳ ዕቃ፣ የለም!» ብለው ወደ አግዳሚው ጣታቸውን ቀስረው ጮኹ። ከዚያም ተሳፈሩ። አቶ ኦባታ ባቡራችን ስንት ሴኮንድ እንደዘገየ ለማየት ወደ ሰዓታቸው ዞረው ነበር። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ፊቴን በፎቶው ጋርጄ ተከተልኳቸው።

ሁለት ጣቢያ ካለፍን በኋላ አባባ እቅፋቸውን አዩት። ክንዳቸው እንደታጠፈ ነው፤ ውስጡ ግን ምንም የለም። «ቶሞዬ፣ አያትሽ የት አለች?» አሉኝ፣ በጣም ቀስ ብለው። ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ? ምንም። የግራ ጫማዬ እንደጠበበኝ አስታውሳለሁ። ነፍሷ የምትሻገርበት ቀን ያ ነው፤ መነኩሴው በስድስት ሰዓት መቃብሩን አስከፍቶ ይጠብቃል፤ ከእኛ ቀጥሎ ሌላ ቤተሰብ ተራ ይዟል። ካልደረሰች ቀኗ አለፈ ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሌላ ሰው የቤት ሥራ እንደማስብ አሰብኩት።

ወርደን የመልሱን ባቡር ስንጠብቅ ደወልኩ። የወንዙ ድርጅት ሠራተኛ «ከመስመሯ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ የተቀመጠው?» አለኝ። መካከል ላይ አልኩት። «እንግዲያው የባሕሩን ድርጅት ሳናማክር ብናነሣው ድፍረት ይሆንብናል» አለ። ለባሕሩ ስደውል ደግሞ እነሱ የወንዙን መድፈር ፈሩ። እማማ በሕይወቷ እንዲህ ተከብራ አታውቅም።

ስንመለስ በረዶው ይወርዳል። ሁለት ሠራተኞች ከአግዳሚው ግራና ቀኝ ቅጽ ይዘው ቆመው እጅ ይነሣሣሉ፤ «እባክዎ እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ በጭራሽ፣ እርስዎ»። አቶ ኦባታ መካከላቸው ተቀምጠዋል። ጃንጥላቸውን የዘረጉት ለሣጥኗ ነው፤ የራሳቸው ባርኔጣና ትከሻ ነጭ ሆኗል። «ቅጻችሁን ብሉት!» ይላሉ። «ፉሚዬ የጠፋ ዕቃ ናት እንዴ? ሾርባዬ ላይ ሽንኩርት ስትመርቅልኝ የየትኛው ድርጅት ሽንኩርት ነው ብዬ አላውቅም! ባሏ መጥቶ ይውሰዳት።»

አባባን ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንተ ገንዞ፣ ሰዓትህ ስንት ይላል?» አሉ።

«አምስት ሰዓት ከሃያ ሁለት» አሉ አባባ።

«የእኛው ከሃያ ሦስት ይላል። ሚስትህን አንድ ደቂቃ አስጠብቀሃታል።»

አባባ የበረዶውን አጥር ረግጠው ተሻገሩና አቶ ኦባታ ፊት አጎነበሱ። ኮታቸው ጀርባ ላይ በረዶ እስኪቆለል ድረስ አልተቃኑም። «በቃ ቀና በል» አሉ አቶ ኦባታ፤ «ወገብህ እንዲሁ ቢቀር በእናንተው ሠራተኞች ነው የምትነሣው፣ የእኛዎቹን አላስቸግርም።» ከዚያ ሳይጠየቁ አብረውን ተሳፈሩ። በዚህኛው ጊዜ አባባ እጃቸውን ከሣጥኗ ላይ አላነሡም። ጣታቸውን የቀሰሩት አቶ ኦባታ ናቸው፤ ወደ እሷ። «ፉሚዬ፣ አለች» አሉ።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀር ደረስን። እማዬ «ምነው ዘገያችሁ?» ስትል ሁለቱ ሽማግሌዎች እኩል «ሰዓቱ ነው!» አሉ። በዕድሜያቸው የተስማሙት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ድንጋዩ ተነሣ፣ እማማ ገባች፣ ድንጋዩ ተመለሰ። እማዬ አለቀሰች። እኔ የመነኩሴው ካልሲ ተረከዙ ላይ መቀደዱን አየሁ። ያን ያህል ነው።

እማማ ስትሞትም፣ አስከሬኗ ሲቃጠልም፣ ያን ቀንም አላለቀስኩም። ዘመድ ሁሉ «ጠንካራ ልጅ» ይለኛል። ጥንካሬ አይደለም፤ ጥርስ ሐኪም ጋ ስትሄድ እንደምትሆነው ነው፤ ጉንጭህ ቦታው ላይ እንዳለ ታውቃለህ፣ ግን ያንተ አይመስልህም። አንተ ብትኖር «ይህ የጤና ነው?» ብዬ እጠይቅህ ነበር፤ እዚህ ያሉትን ብጠይቃቸው ሻይ ነው የሚያፈሉልኝ።

ሰኞ ማለዳ እንደገና ጣለ። ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ሁለቱም ሠራተኞች የየድርሻቸውን መስታወት አስመስለው ጠርገዋል፤ አጥሩ እስከ ጉልበቴ ደርሷል። የእማማ አካፋ ከተዘጋችው የሶባ ቤት ጀርባ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ በየትኛው ድርጅት ግድግዳ ላይ እንደሆነ ስላልተወሰነ የሚያነሣው የለም። አነሣሁት። ጓንቴን ቤት ረስቼዋለሁ። ከዳር እስከ ዳር ናድኩት፤ ባቡሬም ጥሎኝ ሄደ። አንዱ ሠራተኛ ደንግጦ ሲሮጥ መጣ። ምን እንደምለው ስላጣሁ ጣቴን ቀሰርኩና «አጥር፣ የለም!» አልኩት። ሰውዬውም ሳያስበው ቀጥ ብሎ «አጥር፣ የለም!» አለ።

በሚቀጥለው ባቡር ማሞቂያው አጠገብ ተቀመጥኩ። ጣቶቼ እስከዚያ ድረስ ምንም አይሰማቸውም ነበር፤ መሞቅ ሲጀምሩ ግን ሕመሙ ልክ አልነበረውም። እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ሁለት ጣቢያ ያህል ተጓዝኩ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ መሐረብ ሰጡኝ። ለእጄ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጉንጬ ርሷል።

እማዬ ስለ ወገብህ ትጨነቃለች፤ ከባድ አታንሣ ብላሃለች። አባባ «የወንዙ ሰዓት ዛሬም ትክክል ነው ብለሽ ጻፊለት» ብለዋል። ትናንት ቤታችን መጥተው ሻይ ጠጥተው፣ ተከራክረው የሄዱት አቶ ኦባታ ደግሞ «ውሸቱን ነው ብለሽ ጨምሪበት» ብለዋል። ማሪሳን አንገቷን አቅፈህ ሳምልኝ። ሬናቶን ጉንጩን ነክሰህ ሳምልኝ፤ ጥርሱ ከበቀለ እሱም ይንከስህ። በመጪው ዓመት በበረዶው ወራት ከመጣህ በየትኛውም ባቡር ና፤ መካከሉ ተጠርጎ ይጠብቅሃል።

እህትህ ቶሞዬ
ኦጊሴ፣ ሐሙስ የካቲት 12 ቀን