ከተቅማጥ ነፃ በሆነው ቀበሌያችን፣ ስለ ልጄ ስለ ፅጌ ሆድ

ጳጉሜን 2 ቀን 1976 ዓ.ም.
አዋሳ

ለተከበሩ ጓድ በላይነህ፣
የቀበሌያችን ጤና ጣቢያ ኃላፊ፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ፣ በተለይም ለሆድዎ ጤንነት፣ ያለኝን መልካም ምኞት በአክብሮት አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ፤ ባለፈው የነዋሪዎች ስብሰባ ሂስ ከታች ሲመጣ እንደ ክትባት ነው፣ ቢያምም ይጠቅማል ብለው ሲናገሩ ከሁሉ አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩና፣ ዛሬ ክንድዎን እንዲያዘጋጁልኝ ነው።

ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ቀበሌያችን «ከተቅማጥ ነፃ» ተብሎ ሊሸለም በመሆኑም እንኳን ደስ ያለዎ። በባህል አዳራሽ በኩል ሳልፍ ያሰቀሉትን መፈክር አንብቤ በእውነት ኮራሁ። ያፈርኩት ቤቴ ስገባ ነው፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ፅጌ ይህን ድል ገና አልሰማችም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሆዷን እየቆረጣት፣ ደም የተቀላቀለበት እያስቀመጣት፣ ከክፍል ይልቅ በጓሮ ትውላለች።

እንግዲህ ውለታዎን በየተራ ላንሳ።

1ኛ/ መጀመሪያ ሳመጣት፣ ገና ወንበር ሳትይዝ አሜባ ነው ብለው መድኃኒት ስለሰጡን አመሰግናለሁ። መድኃኒቱ አልቆ ደሙ ሳይቆም ስንመለስ ወስፋት ነው አሉ፤ ቀጥሎ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሄዳ ጥሬ ዓሣ በልታ ነው አሉ፤ በመጨረሻም ወደ ቀድሞው አሜባ ተመለሱ። ፅጌ ዓሣ ገና ሲሸታት ከቤት የምትወጣ ልጅ መሆኗን ብነግርዎ፣ እናት ሁሉን አታይም ብለው መከሩኝ። ልክ ነዎት፣ ሁሉን የሚያይ የለም፤ በክብሪት ቤት እየያዝኩ ያመጣሁትንና መስኮቱ ላይ አስቀምጪው ያሉኝን ሰገራዋን እርስዎም አላዩትም። በተመለስኩ ቁጥር ክብሪት ቤቱን እዚያው መስኮት ላይ አገኘዋለሁ።

2ኛ/ ወተቱን፣ ጎመኑን፣ ሥጋውን፣ በኋላም እንቁላሉን በየተራ ስለከለከሉልን፣ ልጄ በገብስ አጥሚት ብቻ መኖር የሚቻል መሆኑን ለማስመስከር በቅታለች። ውጤቱም ያማረ ነው። ታናሿን ብርሃነሽን የጠበባትን ቀሚስ አሁን ለታላቋ እያወረስኩ ነው። በእኛ ቤት ልብስም እንደ ሂስ ከታች ይመጣል። ያን ቀሚስ ሳለብሳት ፅጌ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

3ኛ/ በጽዳት ዘመቻው ሳምንት ከነኮሚቴዎ ቤቴ ድረስ መጥተው ድስቴን በየተራ ከፍተው ስላሸተቱ፣ ኋላም በስብሰባ ፊት የበሽታው ምንጭ የእናትየው ጥፍር ነው ብለው እኔን መምህርቷን እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ እጄን ስላስዘረጉኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጥፍሬ ንጹሕ ሆኖ ስለተገኘ ግን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ የግቢው ልጆች ከፅጌ ጋር ገመድ አይዘሉም፤ እናቶቻቸው ይጋባል ብለዋቸዋል።

4ኛ/ ከሁሉም የሚልቀው የዚህ ሳምንቱ ውለታዎ ነው። ታቦር ሠፈር ዘመዶቻቸው ዘንድ ያረፉ ዶክተር ሙሉመቤት የሚባሉ የአዲስ አበባ የሕፃናት ሐኪም ፅጌን አይተውልኝ ነበር። ሌሊት ከእንቅልፏ ያስነሳታል ወይ፣ አፏ ውስጥ ይቆስላል ወይ፣ ጉልበቷንና ቁርጭምጭሚቷን ያማታል ወይ፣ ቁመቷስ ቆሟል ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ለሁሉም አዎን እያልኩ መለስኩ። ሳይመረመር አይፈረድም፣ ነገር ግን አንጀቷ ራሱ በየጊዜው እየተቆጣ የሚቆስልበት ሕመም ሳይሆን አይቀርም አሉኝ። ከቆሻሻ የሚመጣ እንዳልሆነ፣ ወደ ሌላ ልጅም እንደማይተላለፍ፣ ጨርሶ ባይጠፋ እንኳ በመድኃኒትና በክትትል ጋብ እንደሚል፣ ምግብ መንፈጉ ግን እንደሚጎዳት አስረዱኝ። በቶሎ አዲስ አበባ ሄዳ አንጀቷ በመሣሪያ ካልታየ፣ ማደጊያዋ ጊዜ እንደሚያልፍባት ሳይደብቁ ነገሩኝ።

የአዲስ አበባው ሆስፒታል የሚቀበላት የእርስዎ የሪፈር ወረቀት ሲኖር ብቻ ስለሆነ እየሮጥኩ መጣሁ። እርስዎም ከተቅማጥ ነፃ በሆነ ቀበሌ በተቅማጥ ለታመመ ሰው ሪፈር አይጻፍም፣ ከበዓሉ በኋላ ተመለሽ አሉኝ። መፈክሩ አንዴ ከተሰቀለ መታረም ያለባት ልጅቷ መሆኗን ስላስገነዘቡኝ አመሰግናለሁ።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል። የሌላውን ሰው በሽታ ስለሚሸሽግ ግን አባቶች የተናገሩት የለም፤ እርስዎን መች አወቁና!

ስለዚህ የምለምንዎ አንዲት ወረቀት ብቻ ናት። ተቅማጥ የሚለውን ቃል መጻፍ ከከበደዎ ቁመቷ ቆሟል ብለው ይጻፉልኝ፤ ከቁመት ማነስ ነፃ ነን ብለን ገና አልፎከርንም።

የቀበሌውን ድል እንዳታበላሽ ልጇን ከሰው ዓይን ስትሸሽግ የኖረች፣ ከዛሬ ጀምሮ ግን የማትሸሽግ፣

መምህርት ጥሩወርቅ ገብረየስ

ማሳሰቢያ፦ በጣቢያው ጓሮ ላሠሩት ሞዴል መጸዳጃ ቤት ምርቃት የተወጠረው ቀይ ሪባን ዛሬ ጠዋት ተበጥሷል። ከፅጌ ጋር እርስዎን ስንጠብቅ ያዛት፤ ዘበኛው የበዓሉ እንግዶች ሳይመርቁት አይገባም አለ፤ እሷ ግን መጠበቅ አልቻለችም፣ ሪባኑን በጥሳ ገባች፤ ቀዳዳው ጋ ግን አልደረሰችም። አዲሱ ሲሚንቶ ላይ የቀረውን ሆን ብዬ ሳላጥበው ትቼዋለሁ። በክብሪት ቤት ሳመጣልዎ ከመስኮት ያላነሡት ነው፤ እንግዶችዎ ሳይቀድሙዎ ገብተው ይዩት። ደሙ ያለ ማይክሮስኮፕ ይታያል።