የረባሾች ስም ዝርዝር

ሰኞ

በዚያ ሁሉ ቅጂ ውስጥ ከሁሉም አብዝታ የምትስቀው እኔ ነኝ። ካፈርኩ አይቀር እዚህ ልናገረው። ትናንት ከአምልኮ በኋላ ቸርች አዳራሽ ሻይ እየጠጣን ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ሪከርድ አደረግኩ። ጥያቄዬ አንድ ነበር፦ ልጅ ሆናችሁ እንዴት ነበር የምትቀጡት? ዛሬ ምሳ ሰዓት ፉትሂልስ ሰፈር፣ ከምሠራበት መጋዘን ፊት፣ መኪና ውስጥ ሳንድዊቼን ይዤ ሰማሁት። አንዱ በበርበሬ ጭስ ሲታጠን እንዴት እንዳስነጠሰው ያወራል፤ የኔ ሳቅ። አንዷ ጠጠር ላይ ተንበርክካ፣ እጆቿን ወደ ላይ እንዳነሳች፣ ሽንቷ አመለጣት፤ የኔ ሳቅ። «ውይ፣ ስትገርሚ» እላለሁ ደግሞ። ሰውየውም ሴትዮዋም እኔን ለማስደሰት ይጨምራሉ።

ጥናቱ የጋሽ ታደሰ ትእዛዝ ነው። ፎረስት ሎን ሰፈር ባሉ የአበሻ ሱቆች ውስጥ የሚታደለው መጽሔታችን አዘጋጅ ናቸው። የዚህ ወር ዓምዴ ስለ ልጅ መምታት ይሁን አሉ፤ ቤትም፣ ትምህርት ቤትም፣ ያኔም፣ አሁንም። «እንደ ልማድሽ አጣፍጪው» አሉኝ። እኔ ስለ ሠርግና ስለ ኩርፊያ የምጽፍ ሴት ነኝ። ይሁን።

እስካሁን የሰበሰብኩት፦ አለንጋ። ቀበቶ። የውሃ ጎማ። የእንጨት ማስመሪያ። ቁንጥጫ፣ በተለይ ጭን ላይ። በርበሬ። ደግሞ ሁሉም የተናገሩት አንድ ነገር፦ ትምህርት ቤት ተመታሁ ብሎ ቤት የሚናገር ልጅ፣ ቤት ይደገምለታል።

ምን ተሰማሽ ብባል፣ ምንም። ሳንድዊቼን ጨርሼ ገባሁ።

ማክሰኞ

ከሥራ በቀጥታ ፓይንሪጅ ሰፈር፣ ብርቄ ቤት። ብርቄ ማለት ብርቅነሽ ናት። አዲስ አበባ አራተኛ ክፍል አብረን ተምረናል፤ ከዚያ ሠላሳ ምናምን ዓመት ተጠፋፍተን እዚህ ቸርች በር ላይ ተገናኘን። አሁን አንድ መጋዘን ነው የምንሠራው፤ ጠዋት ጠዋት የምወስዳት እኔ ነኝ። ከእሷ ቅርብ ሰው እዚህ አገር የለኝም።

ልጇ ሜላት ሶፋው ላይ ላፕቶፕ ታቅፋ ነበር። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት። በእሷ ጀመርኩ። አንቺንስ እናትሽ መትታሽ ታውቃለች? «ዋንስ» አለች፣ ዓይኗን ሳታነሳ። «ግሮሰሪ ውስጥ ቆነጠጠችኝ። ከዛ እሷ አለቀሰች።» ብርቄ ከኪችን ሆና፣ «ሰው ያየኝ መስሎኝ ነው ያለቀስኩት! መንግሥት መጥቶ ልጄን የሚወስድብኝ መስሎኝ!» ሳቅን።

ስልኬን ሪከርድ ላይ አደረግኩ፤ ከዚያ የራሷን ነገረችኝ። ብርቄ ቁጭ ብላ ማውራት አትችልም፤ ቆማ፣ እያሳየች። «አራተኛ ክፍል፣ ጥርሴን አሞኝ ጉንጬ እንዲህ አብጧል። እማዬ በጨርቅ ከአገጬ እስከ አናቴ አስራኛለች። አፌን መክፈት አልችልም። መምህሩ ወጣ አሉ፤ አለቃው የረባሾችን ስም ጻፈ።» ለሜላት ብላ ዘረዘረችው፦ መምህር ሲወጣ የክፍል አለቃ ያወራውን ልጅ ስም ይጽፋል፤ በደገመ ቁጥር ከስሙ ጎን ኤክስ ያደርጋል፤ መምህሩ ተመልሶ በኤክሱ ልክ ይመታል። «መጡ፣ ወረቀቱን አዩ። ብርቅነሽ፣ ኤክስ አምስት። ጣትሽን ሰብስቢ።» አምስት ጣቷን ጫፍ ለጫፍ ገጥማ ወደ ላይ አቆመችልን። በማስመሪያው ስለት። አምስት ጊዜ። ቤት ስትደርስ እናቷ፣ «በከንቱማ አይመቱሽም» ብለው ደገሙ።

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። አንድ ቦታ ላይ ሳቄ ቆመ፤ የቱ ላይ እንደሆነ ቅጂውን ብሰማ አውቀዋለሁ፣ ግን አልሰማውም።

ሜላት አልሳቀችም። ላፕቶፑን ዘጋችው። «ዌት፣ ማሚ። ሊስቱን የጻፈው ልጅ ነው? ቲቸሩ አይደለም?»

«አለቃው ነዋ።»

«ላይክ፣ ክላስሜትሽ? አፍሽ ታስሮ እያየ? ዋይ?»

«ጌታሁን ነው፣ ያ ረጅሙ። እስከ ዛሬ ቂሜን አልተውኩለትም። አምና ኤድመንተን ሠርግ ላይ እጁን ሲዘረጋልኝ ሳህን አንስቼ ሄድኩ።»

ጌታሁን አለቃ የነበረው ከገና በፊት ነው። ከገና በኋላ እኔ ነበርኩ።

«አይ ጌታሁን» አልኩ። ይህንን ብቻ ነው ያልኩት። ሻይም ተደገመልኝ፣ ጠጣሁ።

ረቡዕ

ጠዋት መኪና ውስጥ ብርቄ ብርቱካን እየላጠች አጎረሰችኝ። «ዛሬ ምን ሆነሽ ነው፣ ሙሽራ የጫንሽ ይመስል የምትነጂው?» አለች። እንቅልፍ አልኩ።

ቀኑን ሙሉ ሣጥን ስካን አደረግኩ። ስካነሩ ጢጥ ይላል፣ ሣጥኑ ያልፋል። በመካከሉ እንዲህ አስታወስኩ፤ እንደ ሌላ ሰው ነገር፦

ባዶ ወረቀት የሚያስረክብ አለቃ ራሱ ይመታል። «ይህ ሁሉ ልጅ ዝም ብሎ ዋለ? አንቺም አብረሽ ስታወሪ ነበር ማለት ነው» ይባላል። የዚያን ቀን ያወሩት ሁለት ወንዶች ነበሩ። ሁለቱም ስንለቀቅ በር ላይ የሚጠብቁኝ ዓይነት ናቸው። የእነሱን ስም መጻፍ አልቻልኩም። ከፊት ረድፍ እስከ ኋላ ዞር ብዬ አየሁ። አገጯ የታሰረች ልጅ ነበረች። «አላወራሁም» ብላ መከራከር የማትችል እሷ ብቻ ነበረች።

አምስቱን ግን ለምን? አንድ ኤክስ ይበቃ ነበር። አንድ ብቻ ቢሆን የፈጠርኩት ይመስላል ብዬ ነው። አምስት ሲሆን በደንብ የተቆጠረ ይመስላል። ነገር ዘርዘር ሲል ሰው እንደሚያምን በዘጠኝ ዓመቴ አውቄ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ በዚሁ እጽፋለሁ።

ማታ ይህን ጽፌ ሳበቃ አነበብኩት። አሁንም ምንም። ልብስ አጠብኩ። አንድ ካልሲ ጠፋ፤ እሱን አጥብቄ ፈለግሁት።

ሐሙስ

ዓምዱ ነገ ከምሳ በፊት ይላካል። የጻፍኩት አለ፤ ጥሩም ነው። የብርቄ ታሪክ መሐሉ ላይ ነው፣ አለቃውም «አንድ ረጅም ልጅ» ተብሏል። ያነበበ ሁሉ ይስቃል።

በሻይ ሰዓት ጋሽ ታደሰ ጋ ደወልኩ። የብርቄን ታሪክ ነግሬ፣ ስሟን የጻፈው አለቃ እኔ ነኝ አልኳቸው። ከዚያ፣ «ልጅ ነበርሽ፣ ተይው» አሉ።

«ጋሼ፣ እርስዎም አገር ቤት አስተምረዋል። ዝርዝሩ ሲሰጥዎ ምን ያደርጉ ነበር?»

«እኔ?» ሲያስቡ ትንፋሻቸው ይሰማል። «እውነቱን ልንገርሽ፣ ስሙን አላነበውም ነበር። ቁጥሩን ነው የማየው። ስሙን አለቃው ይጠራዋል፣ ልጁ ይመጣል፣ እኔ ቁጥሩን እጨርሳለሁ።» ቀጥለውም፣ «ፊታቸውን ብትጠይቂኝ አንዱንም አላውቅ» አሉ።

በመጨረሻ፣ «ገጹን ካልሞላሽው ማስታወቂያ አስገባበታለሁ፣ አትጨነቂ» አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው። ሁሌም ደግ ነበሩ፤ ያኔም ደግ እንደነበሩ አልጠራጠርም።

እኛም ክፍል ስም የሚጠራው አለቃው ነበር፤ ስሟን የጠራሁት እኔ ነበርኩ ማለት ነው። ይህንን እስከ ዛሬ ረስቼው ነበር፤ ብርቄም ረስታዋለች። ተነስቼ፣ ወረቀቱን ይዤ፣ ጮክ ብዬ።

ዓርብ

ነገርኳት።

መጋዘኑ ፊት ፓርክ አደረግኩ፤ ብርድ ስለሆነ ሞተሩን አላጠፋሁም። ሺፍት ሊጀምር ሃያ ደቂቃ። «ብርቄ፣ አለቃው ጌታሁን አይደለም። እኔ ነበርኩ። ስምሽን የጻፍኩት እኔ ነኝ።» ዓምድ ላይ ቢሆን እዚህ ለመድረስ ሦስት አንቀጽ እፈጅ ነበር።

«ቀልድሽን ነው» አለች።

«አይደለም።»

ጓንቷን አንድ ጣት አንድ ጣት እያለች አጠለቀች። «ጥርሴን እንዳመመኝ አይተሽ ነበር?»

«አይቼ ነበር። ለዚያ ነው አንቺን የመረጥኩት።»

«ለዚያ ነው» አለች፣ የኔን ቃል። ወደ ፊት እያየች ነበር፤ የምትናገረው ለመስታወቱ ነው የሚመስለው። «እማዬ ስትደግመኝ አላወራሁም ብዬ ማልኩላት። ጨርቁን ፈትቼ፣ በዚያ አፌ። የምትዋሽ ልጅ ወለድኩ ብላ ለዚያ ደግሞ ጨመረችልኝ። የዱላውን ተይው። እማዬ እስክትሞት ድረስ አንድ ነገር በተናገርኩ ቁጥር፣ ማይልኝ እስቲ ትለኝ ነበር።»

ወረደች። በሩን ዘጋችው፤ አላጋጨችውም። ብታጋጨው ደስ ይለኝ ነበር።

ለጋሽ ታደሰ ማስታወቂያውን ያስገቡ ብዬ መልእክት ላክሁ። «እሺ ልጄ» ብቻ ነው ያሉት።

ቀኑን ሙሉ ከእኔ በሦስት መስመር ርቀት ላይ ሠራች። ስንወጣ በሌላ ሰው መኪና ሄደች። እኔ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ጠዋት ያልኩትን ቃል በቃል በሐሳቤ መለስኩት። ይቅርታ የሚለውን አላገኘሁትም። አላልኩትም ማለት ነው። ሁሉን ነገር በቅደም ተከተል ተናግሬ እሱን ዘለልኩ።

ቤት ስገባ መልእክቷ ገባ። «ነገ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነይ። ሜላት ባለችበት እንደገና ትነግሪኛለሽ። ሪከርድ የለም።» ከዚያ ሌላ፦ «ቁርስ አልሠራም።»

ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ከሰኞ ወዲህ አንድ ነገር የተሰማኝ አሁን ነው። ጥሩ ይሁን መጥፎ አላውቅም።

እሄዳለሁ። በሩን ማን እንደሚከፍትልኝ፣ ሜላት ምን ብላ እንደምትጠይቀኝ፣ የዘለልኩትን ቃል ለእናትና ለልጅ ፊት ለፊት ማለት ችዬ እንደሆነ፣ ቅዳሜ ከዚያ ቤት እንደወጣሁ፣ ኮቴን ሳላወልቅ እዚህ እጽፈዋለሁ። ሳላሳምር።